ጅቡን ለምን አሳየኸው?

(በጎንደር ከተማ የንባብና የሥዕል ወዳጆች በተሰባሰቡበት ምሽት ያደረግሁት ንግግር ነው። በቃል ከተናገርሁት ብዙም አልለወጥሁትም፤ ሳል ያስቸገረኝን ቦታ ብቻ አውጥቼዋለሁ።)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ከፊት ምንጣፉ ላይ የተቀመጣችሁ ልጆች፣ እንደምን አመሻችሁ? እግዚአብሔር ይመስገን። ከኋላ የቆማችሁ እባካችሁ ወደ ፊት ኑ፤ ቦታ አለ። የጎንደር ሰው ጦር አይፈራም ይባላል፤ የፊት ወንበር ግን ይፈራል።

እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ «ታዋቂ የልጆች ተከታታይ የምናብ መጻሕፍት ወደ አኒሜሽን ፊልም ሲለወጡ» የሚል ነው። ረዘመ። አያቴ ብትሰማው «ተረት ሥዕል ሲሆን» ብላ ታሳጥረው ነበር፤ እኔም እንደ እርሷ ልበል። ሦስት ነገር አነሣለሁ። መጀመሪያ ቃል ሥዕል ሲሆን ምን እንደሚያጣ፣ ቀጥሎ ብዙ መጽሐፍ አንድ ፊልም ሲሆን ምን እንደሚደርስበት፣ በመጨረሻ ስለ እኛ። ሦስተኛው አጭር ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ እየቀነሳችሁ ስሙኝ።

ከፍሬ ነገሩ በፊት ግን አንድ ውርደቴን ልናዘዝ።

አያቴን እምዬ ነበር የምንላት። ማታ መብራት ሲጠፋ ምድጃው ዙሪያ ሰብስባ ተረት ትነግረናለች። ከሁሉ የምንወደው፣ ከሁሉም የምንፈራው፣ እናቷ ገበያ ስትሄድ ቤት የቀረችው ልጅና የአያ ጅቦ ተረት ነበር። ጅቡ ይመጣል። በር ይቧጭራል። የእናትየዋን ድምፅ አስመስሎ «ልጄ፣ ክፈችልኝ» ይላል። እምዬ እዚህ ላይ ስትደርስ ድምጿን ታቀጥንና በጥፍሯ የበርጩማዋን እግር ትቧጭራለች። ይኸው ጠጉሬ ሸብቶ እንኳ እንጨት ሲቧጨር ስሰማ በሩ መዘጋቱን አያለሁ።

አድጌ፣ ሥዕል ተምሬ፣ ኮምፒውተር ገዝቼ፣ ይህን ተረት አኒሜሽን ላድርገው ብዬ ተነሣሁ። ከሁለት ተማሪዎቼ ጋር ስምንት ወር ሠራን። አንድ ሰከንድ ፊልም 24 ፍሬም፣ ማለት ተከታትሎ የሚያልፍ ነጠላ ምስል፣ አለው። አንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም ካዋላችሁት በሰከንድ 12 ሥዕል ይበቃል፤ ይህ የእኛ የድኻ ዘዴ እንዳይመስላችሁ፣ ትልልቆቹ ስቱዲዮዎችም የሚሠሩበት ነው። የእኛ ፊልም አራት ደቂቃ ነበር። አስሉት ልጆች! 2,880 ሥዕል። ከዚያ ውስጥ እኩሌታውን የበላው ጅቡ ነው። ጠጉሩን አንድ በአንድ፣ ጥርሱን፣ ምራቁን፣ ወደ ኋላ የዘቀዘቀ ጀርባውን። ሰው ሁሉ ሲተኛ እኔ የጅብ ጭራ እሥላለሁ።

አንሶላ በግቢያችን ሰቅለን ለሠፈር ልጆች አሳየን። ጅቡ በመጀመሪያዋ ደቂቃ ብቅ ሲል ምን ሆኑ? ሳቁ! አንዱ «ውሻ ነው!» አለ። ሌላው የማን ውሻ እንደሚመስል ባለቤቱን በስሙ ጠርቶ ተናገረ፤ ባለቤቱም እዚያው ተቀምጦ ነበር። እምዬ እስከ መጨረሻው ዝም ብላ አየች። ሲያልቅ ነጠላዋን አስተካክላ፣ «ጥሩ ነው ልጄ። ጅቡን ግን ለምን አሳየኸው?» አለችኝ።

«እምዬ፣ ፊልም እኮ ነው፤ ካልታየ ምኑን ፊልም ሆነ?»

«እኔ ስነግራችሁ አታዩትም ነበር?»

«እናየዋለን።»

«እንግዲያው የእኔን ጅብ ማን ሣለው?»

መልስ አልነበረኝም። ዛሬ የምነግራችሁ በሙሉ ለዚያች ጥያቄ ዘግይቶ የመጣ መልስ ነው።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ነጥብ።

ሲ. ኤስ. ሉዊስ በኦክስፎርድ፣ በኋላም በካምብሪጅ ያስተማረ ሰው ነው። ናርኒያ ስለምትባል ምድር ሰባት የልጆች መጻሕፍት ጽፎ ከ1950 እስከ 1956 በየዓመቱ አንድ አንድ አወጣ። በመጀመሪያው መጽሐፍ ልጆች ቁም ሳጥን ውስጥ ገብተው በሌላ ዓለም ይወጣሉ። ያ ዓለም በጠንቋይ ንግሥት ድግምት ተይዟል፤ ብርዱና በረዶው ማብቂያ የለውም፤ የገና በዓልም አይመጣም።

ይህን ታሪክ ለሠፈር ልጆች በቃሌ እየተረጎምሁ ነገርኋቸው። መዝገበ ቃላቱ ለእንግሊዝኛው ቃል የሚሰጠኝ «ክረምት» ነው። «በዚያ አገር ሁልጊዜ ክረምት ነው፤ ገና ግን አይደርስም» አልኋቸው። አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ጋሼ፣ በክረምት መቼም ገና የለም እኮ» አለችኝ።

እውነቷን አይደለም? የእኛ ክረምት በሰኔ ገብቶ በመስከረም ይወጣል። የእኛ ገና ታኅሣሥ ሲያልቅ፣ ሜዳው ደርቆ ሩሩ የሚመታበት ጊዜ ነው። ደግሞስ ክረምት ለእኛ መቼ የጠንቋይ ቅጣት ሆኖ ያውቃል? የዘገየ እንደሆነ ምሕላ ይዘን የምንለምነው እኮ ነው! አፍሬ ወደ ቤቴ ገባሁ። በማግሥቱ አስቤበት ተመለስሁ። «በዚያ አገር ክረምቱ አይወጣም። ጳጉሜን ያልቅና ሌላ ጳጉሜን ይመጣል። ጭቃው አይደርቅም፤ ጉሙ አይገለጥም። መስከረም አይጠባም፤ አደይ አበባ አይፈነዳም፤ አበባየሆሽ ብላ በር የምታንኳኳ ልጅ የለችም፤ ደመራም የለም» አልኋቸው። ጸጥ አሉ። ገባቸው። ትምህርት ቤት አይከፈትም ማለት ነው ብሎ ደስ ያለው አንድ ልጅ ብቻ ነበር።

አያችሁ፣ ቃል እንዲህ ያለ መንገደኛ ነው። ከእንግሊዝ ተነሥቶ እኛ ሠፈር ሲደርስ በረዶውን አራግፎ ጭቃ ይለብሳል። ሥዕልስ? ሥዕል እንዲህ አይታዘዝም። ሠዓሊው በረዶ ከሣለ በረዶ ነው። ስሜን ተራራ ወጥቶ ውርጭ የረገጠ ካልሆነ በቀር የእኛ ልጅ የሚያየው ሰዎች ጥጥ ላይ ሲሮጡ ነው። ቃል ለሰሚው ቦታ ይተውለታል፤ ሥዕል ቦታውን ራሱ ይይዘዋል። ስለዚህ ተረት ወደ አኒሜሽን የሚለውጥ ሰው ብሩሹን ከማንሣቱ በፊት ምን ሳይሥል እንደሚተው ይወስን። ይህን ያልወሰነ ሰው እንደ እኔ የጅብ ጭራ ሲሥል ያድራል።

ሉዊስ ራሱ ይህ ነገር ያሳስበው ነበር። በ1959 ለአንድ የቢቢሲ ሬዲዮ አዘጋጅ በጻፈው ደብዳቤ፣ የናርኒያው አንበሳ አስላን በሰው ተዋናይ እንዲቀርብ እንደማይወድ፣ ነገሩም ለእርሱ ከድፍረት እንደሚቆጠር ገለጸ። ካርቱን ቢሆን ግን ሌላ ነገር ነው አለ፤ የዲዝኒን ችሎታ እያደነቀ፣ ርካሽነቱንም እያማረረ። ከሞተ ከ16 ዓመት በኋላ፣ በ1979፣ ያ የቁም ሳጥኑ መጽሐፍ እንዳለው በካርቱን ተሠራ። ዳይሬክተሩ ቢል ሜሌንዴዝ ነው፤ ቻርሊ ብራውን የሚባለውን የካርቱን ልጅ በቴሌቪዥን ያራመደው ሰው። በአሜሪካ ቴሌቪዥን በሁለት ክፍል ታይቶ የኤሚ ሽልማት አገኘ። ዛሬ ተማሪዎቼ ሲያዩት ሥዕሉ ሸካራ ነው እያሉ ይስቁበታል። ሸካራ ነው፤ አልከራከርም። አንድ ነገሩ ግን ደስ ይለኛል፦ አንበሳው ሥዕል መሆኑን አይደብቅም። ሥዕል ነኝ ብሎ ከመጀመሪያው ስለሚናገር፣ የቀረውን ልጁ ራሱ ይጨምርበታል።

አንበሳ ካነሣሁ አይቀር፦ ፋሲል ግቢ ውስጥ የአንበሶቹን ቤት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ልጅ ሆኜ አጎቴ እጄን ይዞ አሳየኝ። ባዶ ነው። ድንጋይና ጨለማ። አልገባም ብዬ አለቀስሁ። ከዓመታት በኋላ በሌላ ከተማ፣ በሽቦ አጥር ውስጥ፣ እውነተኛ አንበሳ አየሁ፤ ዝንብ ወሮት ያዛጋል። እስኪ ፍረዱ፣ የትኛው አንበሳ ነው ያስፈራኝ?

ያው አጎቴ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበር። ደብረ ብርሃን ሥላሴም የወሰደኝ እርሱ ነው። ጣሪያው ላይ በረድፍ የተደረደሩትን የኪሩቤል ፊቶች አንገቴ እስኪዛል አየሁ። ከዚያ ግድግዳውን እያሳየ «ጻድቁን በሁለት ዓይኑ፣ ኃጥኡን በጎኑ በአንድ ዓይን እንሥላለን» አለኝ። ለምን ስለው «ከክፉ ጋር ዓይን ለዓይን እንዳትጋጠም ነው» አለ። ይህን የሰማሁት በሰባት ዓመቴ ነው። ስለ አኒሜሽን ያወቅሁትን ሁሉ ከኮምፒውተር የተማርሁ ይመስለኝ ነበር፤ ዋናውን ግን ቀድሞ የነገረኝ አጎቴ ነው። አንዱን ዓይን ደብቀው! ግማሹን ፊት ተወው! የአገራችን ሠዓሊዎች በግድግዳ ላይ ታሪክን ከሣጥን ሣጥን እያሻገሩ ማንበብ ለማይችል ሕዝብ ሲተርኩ ዘመናት ኖረዋል። መጽሐፍን ወደ ሥዕል መለወጥ ከውጭ የመጣ ሙያ ነው የሚለኝ ሰው ቅዳሜ ጠዋት ይምጣና አብረን ወደ ሥላሴ እንሂድ።

ሁለተኛው ነጥብ። እዚህ ላይ እቆያለሁ፤ ቂም አለኝና።

ሎይድ አሌክሳንደር የሚባል አሜሪካዊ ከ1964 እስከ 1968 ስለ ፕሪዴን ምድር አምስት መጻሕፍት ጻፈ። መነሻው የዌልስ ሕዝብ ጥንታዊ ተረት ነው። አምስተኛው መጽሐፍ በ1969 የኒውበሪ ሜዳልያ ተሸለመ፤ አሜሪካኖች ለልጆች መጽሐፍ ከሚሰጡት ሽልማት ሁሉ የከበረው እርሱ ነው። ባለታሪኩ ታራን ይባላል። ሥራው ምን መሰላችሁ? የአሳማ እረኛ ረዳት። (ሳቅ) ሳቁ፣ ሳቁ፤ በእኛ አገር እረኛው ራሱ የሚታፈርበት ሥራ፣ እርሱ ደግሞ ረዳት ነው! አሳማዋ ግን ትንቢት ተናጋሪ ናት። ታራን ሰይፍ ይመኛል፤ ስም ይመኛል። ወላጆቹን ስለማያውቅ ከትልቅ ዘር በተወለድሁ እያለ ይቃጠላል።

አራተኛው መጽሐፍ ላይ የዘሩን ሐረግ ፍለጋ አገር ላገር ይዞራል። ታዲያ የሚያገኘው ምንድን ነው? ብረት ቀጥቃጭ ያገኛል፤ ከእርሱ ዘንድ ሰይፍ መሥራት ይማራል። ሸማኔ ሴት ያገኛል፤ ከእርሷ ዘንድ ካባ ይሸምናል። ሸክላ ሠሪ ያገኛል። ሸክላውን ከሁሉ አብልጦ ይወደዋል፤ እጁ ግን እሺ አይለውም፤ የሚወደውን ሙያ ተሰጥኦው ስለሌለው ትቶት ይሄዳል።

ይህን ምዕራፍ ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ በሸክላ ሥራዋ ወደምትታወቀው መንደር፣ ወደ ወለቃ መንገድ ተመለከትሁ። አባቶቻችን ማረሻውን ከሚቀጠቅጥላቸው፣ ጋኑን ከምትሠራላቸው፣ ጋቢውን ከሚሸምንላቸው ሰው ጋር ማዕድ መቁረስ ይጸየፉ ነበር። የእጅ ሙያ ስሙ ራሱ ስድብ ነበር። «ነበር» ስል ከንፈሬን እየነከስሁ ነው፤ በግቢዬ ውስጥ ዛሬም እሰማዋለሁ። የዘር ሐረጉን ሲፈልግ ሸክላ ሠሪ ቤት የደረሰ ልጅ ታሪክ፣ ጎንደር ላይ ቢታይ ምን ያህል ነገር ያናግረን ነበር?

አልታየም። ፊልሙ እዚያ አልደረሰማ! ዲዝኒ በ1985 ፊልሙን አወጣ። «ጥቁሩ ጎላ» እንበለው፤ በድግስ ቤት የምታውቁት ጎላ ድስት፣ ይሄኛው ግን ሙታን የሚነሡበት ነው። ወደ 44 ሚሊዮን ዶላር ወጣበት። ርዝመቱ 80 ደቂቃ፤ በፍሬም ብንቆጥረው 115,200። አምስቱ መጻሕፍት ቀርተው የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብቻ እርስ በርስ ተደባልቀው ገቡ። በመጽሐፉ ውስጥ የሞት ጌታ የአራውን አሽከር የሆነው ቀንዳሙ ንጉሥ፣ እዚህ ዋና ጠላት ሆነ። ለሙከራ ሲታይ ከጎላው የሚነሡት ሙታን ሕፃናቱን አስደነገጧቸው፤ አዲስ የመጣው የስቱዲዮው ኃላፊ ቁረጡ አለ፤ ወደ 12 ደቂቃ ተቆረጠ። በመጨረሻ በአሜሪካ ያስገባው 21 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው።

ምን ጎደለው? ገንዘብ ነው? የለም። ሠዓሊ ነው? የለም፤ ሥዕሉን ዛሬም ተማሪዎቼን እያስቆምሁ አሳያቸዋለሁ፣ የጉሙን ሥራ በተለይ። የጎደለው ጊዜ ነው። ሰይፍ የሚመኘው ልጅ ምኞቱን ለመተው አምስት መጽሐፍ ፈጅቶበታል፤ ፊልሙ የሰጠው 80 ደቂቃ ነው። እናንተ እናቶች፣ ልጅ በ80 ደቂቃ ያሳደጋችሁ አላችሁ? ደራሲው ጨዋ ሰው ነበር። ፊልሙ ከመጽሐፌ ጋር አይመሳሰልም፣ እንደ ፊልምነቱ ግን ደስ ብሎኝ አይቸዋለሁ የሚል ይዘት ያለው ነገር ነው የተናገረው። እኔ እንደ እርሱ ጨዋ አይደለሁም።

ተመሳሳይ ነገር በጃፓንም ደርሷል። የኧርሱላ ለጊን የምድረ ባሕር መጻሕፍት በ2006 በጂብሊ ስቱዲዮ፣ በጎሮ ሚያዛኪ እጅ፣ ፊልም ሆኑ። እርሷም ለዳይሬክተሩ ፊልሙ መጽሐፏ እንዳልሆነ፣ የእርሱ የራሱ ፊልም እንደሆነ፣ ጥሩ ፊልም እንደሆነም ነገረችው። በመጽሐፉ ውስጥ ጌድ የሚባለው አስማተኛ መልኩ መዳብ የመሰለ ቀይ ዳማ ነው፤ የዚያ ዓለም ሰው አብዛኛው ጠይም ወይም ጥቁር ነው። ደራሲዋ ይህን አስባበት ነው ያደረገችው፤ በሌላ የቴሌቪዥን ሥራ ነጭ አድርገው ሲያቀርቡትም አጥብቃ ተቃውማለች። ቃል ላይ የቆዳ ቀለም አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ አንባቢ ሊዘለው ይችላል። ሥዕል ላይ ግን በየፍሬሙ አለ።

«ታዲያ ምንም አትለውጡ ነው የምትለን?» ትሉኝ ይሆናል። አይደለም! ዘንዶ የሚያሠለጥነውን የቫይኪንግ ልጅ ፊልም ያላየ ልጅ እዚህ አለ? የለም። በክሬሲዳ ካውል መጽሐፍ ውስጥ ያ ዘንዶ ትንሽ ነው፤ ብብት ሥር የሚያዝ፣ ነጭናጫ ፍጥረት። በ2010 ፊልሙን የሠሩት ሰዎች ልጁ የሚጋልበው ትልቅ ጥቁር ዘንዶ አደረጉት። ከመጽሐፉ ይህን ያህል ርቀው እንኳ የልጁንና የአባቱን አለመግባባት አልነኩትም፤ ለእርሱ ጊዜ ሰጡት። የዘንዶውን መጠን ለውጡ፤ የልጁን የማደጊያ ጊዜ ግን አትስረቁ።

ደግሞም አኒሜሽን ለተከታታይ መጽሐፍ የተመቸበት አንድ ምክንያት አለ፤ የተሣለ ልጅ አያረጅም። ናርኒያን በሰው ተዋናዮች የሠሩት በ2005፣ በ2008 እና በ2010 ሦስቱን አውጥተው ቆሙ፤ እስከዚያ ልጆቹ ጎረመሱ። የተሣለች ልጅ ግን ገንዘብ እስኪገኝ አሥር ዓመት ብትጠብቅም ጥርሷ እንደወለቀ ትጠብቃለች።

ሦስተኛው ነጥብ። እኛስ?

አባባ ተስፋዬን ታላላቆቻችሁ ታውቋቸዋላችሁ። 42 ዓመት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለልጆች ተረት ሲነግሩ ምን ነበራቸው? ድምፃቸው፣ ፊታቸው፣ እጃቸው። ጅቡን አሳይተውን አያውቁም፤ እኛ ግን አይተነዋል። በኋላ ደግሞ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» መጣች፤ በአሻንጉሊት ቀጭኔ ስንቱ ሕፃን ፊደል ቆጠረ! ስለዚህ ባዶ ሜዳ ላይ አይደለንም።

የእኛ ተረቶችም ተከታታይ ናቸው፤ ልብ ብላችሁ አታውቁም? አያ ጅቦ ማታ ገደል ገብቶ ይሞታል፤ በማግሥቱ ማታ ደግሞ ተርቦ ይመጣል። እመት ጦጣ ትናንት ያታለለችውን ነገም ታታልለዋለች። ማንም ምዕራፍ አንድ፣ ምዕራፍ ሁለት ብሎ አልቆጠራቸውም እንጂ እምዬ በዓመት ስንት ክፍል ታስተላልፍ እንደነበር እግዚአብሔር ይወቀው። እዚህ ያላችሁ ወጣቶች ስልካችሁ ላይ ድምፅ መቅጃ አለ። አያቶቻችሁ ደግሞ ቤት ናቸው። ሳትሥሉ በፊት ቅዱ። የት ላይ ዝም እንደሚሉ፣ የት ላይ ድምፃቸውን እንደሚያቀጥኑ፣ የትኛውን ነገር ፈጽሞ እንደማይገልጹት አዳምጡ። እምዬ የጅቡን መልክ አንድም ቀን ነግራን አታውቅም። ይህን ያወቅሁት ካረፈች በኋላ ተረቱን በወረቀት ላይ ልጽፈው ስቀመጥ ነው።

ንግግሬን እዚህ ላይ አቆማለሁ፤ ፊልም አምጥቻለሁና። ያንኑ ተረት እንደገና ሠርተነዋል፤ ስድስት ደቂቃ ነው። በር አለ፤ ልጅቷ አለች፤ ከበሩ ሥር ባለው ስንጥቅ የሚገባ ብርሃን አለ፤ አንዳንድ ጊዜ ብርሃኑን የሚጋርደው ነገር ይኖራል። የምትሰሙት የመቧጨር ድምፅ የእምዬ በርጩማ ነው፤ የቧጨርሁትም እኔ ነኝ። ከፊት የተቀመጣችሁ ልጆች፣ የፈራ ወደ እናቱ ይጠጋ። ወንድሜ፣ እባክህ መብራቱን አጥፋልን። የበሩንም መጋረጃ። አዎ፣ እንዲያ።

ተረት ተረት!

(ከአዳራሹ፦ «የላም በረት!»)